ኬሞን ያጠነክራል የተባለ መድኃኒት ከዱባይ ተልኮልናል፤ ለአባቴ ልስጣቸው?

የመምህሩ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ይህን መድረክ ለወራት ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ጽፌበት ግን አላውቅም። ዛሬ የማማክረው ሰው ስላጣሁ ነው የመጣሁት።

አባቴ የ64 ዓመት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማሩ ጡረተኛ። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ባለፈው ዓመት ሳል ያዛቸው። አክታቸው ተመርምሮ ባክቴሪያ ባይገኝበትም፣ በራጁ ላይ የታየው ጥላ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ተጀመረላቸው። አራት ወር ዋጡ። ሳሉ አልተዋቸውም፤ ልብሳቸው እየሰፋቸው ሄደ፤ አንድ ጠዋት ደም ተፉ። ሲቲ ስካን የተነሡትና ናሙና የተወሰደላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ውጤቱ የሳንባ ካንሰር ሆነ፤ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት፣ ደረጃ አራት። እነዚያን አራት ወራት ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

አሁን በየ21 ቀኑ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ይሰጣቸዋል። ሁለት ዙር ጨርሰዋል። ሳሉ ረገብ ብሏል፤ ሌሊትም ይተኛሉ።

ዱባይ የሚኖረው ወንድሜ «ሜትፎርሚን የሳንባ ካንሰር ሴሎችን ለኬሞ ተጋላጭ ያደርጋል» የሚል ጽሑፍ አንብቦ ይህን የስኳር በሽታ መድኃኒት ለስድስት ወር የሚበቃ ገዛና ከጥቁር አዝሙድ ዘይት እንክብል ጋር በሰው ላከ። አባባ ስኳር የለባቸውም። ካርቶኑ አሁን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ በየማታው እየደወለ «ጀመሩ?» ይለኛል። የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል።

ሴሎችን ለኬሞ ተጋላጭ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው? እውነት ነው? ብሰጣቸውስ ምን ይመጣል?


ፒፔት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ ሐኪማቸው ሳያውቁ ከካርቶኑ አንዲት ፍሬ እንዳትሰጫቸው። ወንድምሽ ያነበበው ጽሑፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚናገረው ግን በብልቃጥ ውስጥ ስለሚያድጉ ሴሎች ነው። የእኔም ሥራ ይኸው ነው። አውሮፓ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ የሳንባ ካንሰር ሴሎችን አሳድጌ መድኃኒት እያጣመርኩ እሞክርባቸዋለሁ።

ሲስፕላቲንና አባትሽ የሚወስዱት ካርቦፕላቲን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም መሐላቸው ላይ የፕላቲነም አቶም አለ። በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ የተባሉ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የኤሌክትሪክ መስክ ባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያመጣ ሲሞክሩ፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ትተው እንደ ክር ረዘሙ። ያን ያደረገው ከኤሌክትሮዶቹ የሟሟው ፕላቲነም ሆኖ ተገኘ። ሲስፕላቲን በ1978 በአሜሪካ ለካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ፕላቲነሙ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤውን ይይዛል፤ በተለይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጉዋኒን የሚባሉ የዲኤንኤ ፊደሎችን እንደ እጅ ሰንሰለት አንድ ላይ ያስራቸዋል። ሴሉ ዲኤንኤውን መገልበጥም መጠገንም ሲያቅተው ራሱን ያጠፋል።

በአገራችን «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለውን ያልሰማ የለም። ካንሰርም ይላመዳል። አንዱ ሴል መድኃኒቱ የሚገባበትን በር ያጠባል። ሌላው የገባውን መልሶ የሚተፋ ፓምፕ ያበዛል። አንዳንዱ ግሉታታዮን የሚባል ድኝ ያለበት ሞለኪውል አከማችቶ ፕላቲነሙን መንገድ ላይ ይቀበለዋል። ሌላው የተጎዳ ዲኤንኤውን ቶሎ ቶሎ ይጠግናል። ይበልጥ የሚያስቸግረን ግን ተጎድቶም የማይሞተው ነው፤ ጉዳት ሲደርስ ሴሉ እንዲቆም ወይም እንዲሞት የሚያዘው ፒ53 የተባለ ዘረመል ተበላሽቶበታል። ካንሰርን ለኬሞ ተጋላጭ ማድረግ የምንለው ከእነዚህ ማምለጫዎች አንዱን በሁለተኛ መድኃኒት መዝጋትን ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ የሚሆነውን ልንገርሽ። ኤ549 የሚባሉ ሴሎች አሉን፤ በ1972 ከአንድ የ58 ዓመት ሰው የሳንባ ዕጢ ተወስደው እስከ ዛሬ በየአገሩ ሲባዙ የኖሩ ናቸው። መዳፍ በሚያህል ባለ 96 ጉድጓድ ፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ፣ በየጉድጓዱ ጥቂት ሺህ ሴል እዘራለሁ። በማግሥቱ ወደ ቀኝ በሄድኩ ቁጥር ሲስፕላቲኑን፣ ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ሁለተኛውን መድኃኒት እየጨመርኩ እሰጣለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ኤምቲቲ የተባለ ቢጫ ቀለም አደርግባቸዋለሁ። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ሐምራዊ ያደርገዋል፤ የሞተው አያደርገውም። መድኃኒቶቹ ተጋግዘው እንደሆነ ሐምራዊው ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ሲደርስ እየሳሳ ይጠፋል። ያን ጥግ ሳይ ዛሬም ልቤ ይመታል። ከዚያ ቾውና ታላላይ ባወጡት ስሌት እናሰላዋለን፤ ቁጥሩ ከአንድ በታች ከሆነ ሁለቱ ለየብቻቸው ከሚሰጡት ድምር በላይ ሠርተዋል ማለት ነው።

ግን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ኩላሊት የለም፤ ጉበት የለም፤ ደም የሚያመርት መቅኔ የለም። መጠኑንም ተመልከቺ። በሜትፎርሚን ላይ ከተሠሩት የብልቃጥ ሙከራዎች ብዙዎቹ በሚሊሞላር የሚቆጠር መጠን ነው የተጠቀሙት። ክኒኑን የሚውጥ የስኳር ሕመምተኛ ደም ውስጥ የሚገኘው ግን በአሥር ቤት የሚቆጠር ማይክሮሞላር ነው፤ ማይክሮሞላር የሚሊሞላር አንድ ሺህኛ ነው። ልዩነቱ በአሥሮችና በመቶዎች እጥፍ የሚቆጠር ነው። ያን መጠን በአፍ ወስዶ በደም ውስጥ በሰላም ማምጣት የሚችል ሰው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፍ ስታነቡ ይጠቅማችኋል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሲስፕላቲንን በዲኤምኤስኦ አሟሟሁት። አብዛኛው የቤተ ሙከራ መድኃኒት የሚሟሟው በዚህ ፈሳሽ ስለሆነ አላሰብኩበትም። ዲኤምኤስኦ ግን ፕላቲነሙን ራሱ ይይዝና መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። ለሁለት ወር «ሴሎቹ ተላምደዋል» እያልኩ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። አንዳቸውም አልተላመዱም ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንንም ጽሑፍ ስከፍት ቀድሜ የማየው ሲስፕላቲኑ በምን እንደሟሟ ነው። በጨው ውኃ መሆን አለበት።


ጠያቂው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ፒፔት፣ ማብራሪያዎ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ብልቃጡ ይህን ያህል የሚያሳስት ከሆነ ለምን ትደክሙበታላችሁ? በሰው ላይ ሠርቶ የታየ ቅንጅት አለ? እናቴን በዚሁ በሽታ ስላጣሁ ነው የምጠይቀው።


ቀመር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

የሆስፒታል ፋርማሲስት ነኝ፤ የኬሞ መድኃኒት የሚቀመምበት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ።

ሜትፎርሚን በሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ተሞክሯል። በ2021 የሁለት ሙከራዎች ውጤት ወጥቷል። ሁለቱም ስኳር የሌለባቸውንና ካንሰራቸው ከደረት ያልወጣ ሰዎችን መርጠው፣ ኬሞና ጨረርን ከሜትፎርሚን ጋርና ያለ ሜትፎርሚን አነጻጸሩ። ኤንአርጂ-ኤልዩ001 በተባለው የአሜሪካ ሙከራ ሜትፎርሚን የጨመረው ጥቅም አልተገኘም። አልሜራ በተባለው የካናዳ ሙከራ ደግሞ ሜትፎርሚን የወሰዱት ይባስ ብሎ በሽታቸው ቶሎ ተመለሰባቸው። የካናዳው ትንሽ ነው፤ 54 ሰዎች ብቻ ነበሩበት። አባትዎም ደረጃቸው ሌላ ነው፤ ጨረር አልወሰዱም። ቢሆንም በብልቃጥ ያን ያህል የተነገረለት መድኃኒት በሰው ላይ እንዲህ ሲሆን፣ ቤት ውስጥ በግምት የሚጀመር ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የኩላሊት ጉዳይ ነው። የካርቦፕላቲን መጠን እንደ ብዙው የኬሞ መድኃኒት በቁመትና በክብደት አይሰላም። ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያጣራ ታይቶ በካልቨርት ቀመር ነው የሚወሰነው፤ ቀመሩ በ1989 ነው የወጣው። ሜትፎርሚንም የሚወጣው በኩላሊት ነው። በዚያ ላይ ሲጀመር ብዙ ሰው ያስቀምጠዋል፤ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። አባትዎ በኬሞው ሳምንት ማስመለስና ተቅማጥ ቢደራረብባቸው ሰውነታቸው ውኃ ያጣል፤ ኩላሊታቸው ይደክማል፤ ሜትፎርሚኑ ይጠራቀማል፤ ደማቸው ውስጥ ላክቲክ አሲድ ሊበዛ ይችላል። ሲቲ ስካን በቀለም መርፌ ሲነሡም ሜትፎርሚን እየወሰዱ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ከፓክሊታክሴል በፊት የሚሰጣቸው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት የደም ስኳርን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርግ፣ በቤት መሣሪያ ለክተው «ስኳር መጣ» ብለው እንዳይደነግጡና ክኒኑን እንዳይጀምሩ። ቁጥሩን ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ።

እንክብሉን በተመለከተ፣ ፓክሊታክሴልን ጉበት ውስጥ የሚሰባብሩት የተወሰኑ ኢንዛይሞች ናቸው። እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያፋጥን ወይም የሚያዘገይ ማናቸውም ነገር፣ ዕፅዋትም ቢሆን፣ በትክክል ተለክቶ የተሰጣቸውን መድኃኒት ያሳንሰዋል ወይም ያበዛዋል።


እማማ አደይ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡05

ልጄ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ስድስት ልጆች አሳድጌያለሁ። ጥቁር አዝሙድን ግን መርዝ አስመሰላችሁት። እናቶቻችን ዳቦው ላይ፣ በርበሬው ውስጥ ሲያደርጉት ኖረዋል። ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥረው ያሸትቱናል። የፈረንጅ መድኃኒት ሁሉ የሚታመነው፣ የእኛ ሁሉ የሚጠረጠረው ለምንድን ነው?


ፒፔት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እማማ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል። ጥቁር አዝሙድ ተንቆ አልተተወም። ታይሞኪኖን የተባለው ዋና ንጥረ ነገሩ በብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች ከሲስፕላቲን ጋር ተሞክሯል፤ በሳንባ ካንሰር ሴሎችና በአይጦች ላይ ጥሩ ውጤት የታየበት ጊዜም አለ። ከሜትፎርሚን ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው ያለው። ዳቦው ላይ የሚነሰነሰውን ማንም አይከለክልም። እንክብሉ ግን ዘይቱ ተጨምቆ በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ መጠኑም ዓላማውም ሌላ ነው። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ረጋ ያለ አይደለም፤ ፓክሊታክሴል ራሱ የተገኘው ከዛፍ ልጣጭ ነው። ቤታ ካሮቲን ደግሞ ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ነገር ነው። በፊንላንድ 29,133 አጫሾች በተሳተፉበትና በ1994 በታተመ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በክኒን የተሰጣቸው ወንዶች ካልተሰጣቸው ይልቅ 18 በመቶ በበለጠ የሳንባ ካንሰር ያዛቸው። ያን ውጤት የጠበቀ አልነበረም።

ጠያቂው፣ በእናትዎ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ጥያቄዎ የዘወትር ጥያቄዬ ነው።

የወደቀውን ላስቀድም። ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባለው መድኃኒት የሚተፋው ፓምፕ በ1976 ታወቀ። ፓምፑን ደፍነን ኬሞውን ሴሉ ውስጥ እናስቀረው የሚለው ሐሳብ በጣም ያምራል። ቬራፓሚል የተባለው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት በብልቃጥ ይደፍነዋል፤ በሰው ግን ለዚያ የሚበቃው መጠን ልብን አደጋ ላይ ይጥላል። ኋላ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ታሪክዳር የሚባል መድኃኒት መጣ። በሳንባ ካንሰር ከካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ጋር፣ ልክ የእህታችን አባት ከሚወስዱት ጋር፣ በትልልቅ ሙከራዎች ተፈተነ፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ በዝቶ በ2003 ተቋረጠ። ያው ፓምፕ በአንጀት፣ በጉበት፣ በኩላሊት፣ በአንጎል የደም ሥሮች ላይ አለ። ጤነኛው ሰውነት መርዝ የሚያስወጣው በእሱ ነው።

የጥገናው መንገድም አስተምሮናል። ኢአርሲሲ1 የሚባል ዲኤንኤ ጠጋኝ ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን በዕጢያቸው ውስጥ የማይገኝ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚሰጥ ሲስፕላቲን ይበልጥ ይጠቀማሉ የሚል ጥናት በ2006 ወጣ። እኛም እሱን ለክተን ለማን ሲስፕላቲን እንደሚሰጥ እናውቃለን ብለን ነበር። በ2013 ከመጀመሪያው ጥናት ሰዎች አንዳንዶቹ ያሉበት ቡድን ደግሞ ሲመረምረው፣ ፕሮቲኑን ፈልጎ እንዲጣበቅበት መለኪያ የተደረገው ፀረ እንግዳ አካል ሥራ የሚሠራውን የፕሮቲኑን ዓይነት ከማይሠራው እንደማይለይ አገኘ። ያገኙትን ራሳቸው አረሙት። ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ክብር አለኝ።

አሁን የተሳካው። በ2018 ኪኖት-189 የተባለ ሙከራ ውጤት ታተመ፤ 616 ሕመምተኞች ነበሩበት። ፔሜትሬክሴድ የተባለ የኬሞ መድኃኒትና የፕላቲነም መድኃኒት ከሚወስዱት ውስጥ ፔምብሮሊዙማብ የተጨመረላቸው 69.2 በመቶ ዓመቱን በሕይወት ተሻገሩ፤ ካልተጨመረላቸው የተሻገሩት 49.4 በመቶ ናቸው። ይህ መድኃኒት የካንሰሩን ሴል አይመርዝም፤ የሰውነትን መከላከያ ሴሎች የያዘውን ፍሬን ነው የሚለቀው። በእኔ ሰሌዳ ላይ ቢሞከር ምንም አይታይም ነበር፤ ጉድጓዱ ውስጥ የመከላከያ ሴል የለማ። ብልቃጥ የማይረባውን እንደሚያሳምር ሁሉ የሚረባውንም ሊደብቅ ይችላል።

እህቴ፣ ይህን በተለይ ላንቺ ነው የምጽፈው። በ2004 ጌፊቲኒብ የተባለ ክኒን ከኬሞ ጋር ተደምሮ ለማንኛውም የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ሲሰጥ በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ምንም አልጠቀመም። ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ያለባቸውን ሰዎች መለየት ከተቻለ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ2023 በወጣው ፍላውራ2 ሙከራ፣ ይህ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ለዚሁ ለውጥ የተሠራውን ኦሲመርቲኒብ የተባለ ክኒን ብቻ ሲወስዱ በሽታው ሳይገፋ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 16.7 ወር፣ ኬሞ ሲጨመርበት 25.5 ወር ሆነ። ለውጡ ይበልጥ የሚገኘው አዴኖካርሲኖማ በያዛቸው፣ ሲጋራ ባላጨሱ ሰዎች ላይ ነው። አባትሽ ሁለቱንም ናቸው። ስለ ሜትፎርሚን ከመጠየቅሽ በፊት «የኢጂኤፍአር ምርመራ ተደርጎላቸዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።


የመምህሩ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ክሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ ለአባባ አነበብኩላቸው። የሮዘንበርግን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ፕላቲነም ከምንም ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ብረት ነው ብዬ ነው ያስተማርኩት፤ አሁን እኔ ውስጥ ገብቶ እየተዋሐደ ነው» አሉ።

አዲስ ጭንቀት ግን መጣ። ሁዳዴ ደርሷል። አንድ ወዳጃቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ «ጾም ካንሰርን ለኬሞ እንደሚያዳክመው ፈረንጆቹ ደርሰውበታል» አላቸው። አባባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም አጉድለው አያውቁም፤ አሁን ደግሞ ምክንያት አገኙ። ከታመሙ ወዲህ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል። ምን ልበላቸው?


የሌሊት ተረኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡45

በካንሰር ክፍል ስምንት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ተረኛ ሆኜ በዕረፍቴ ነው የምጽፈው።

ወዳጃቸው ያሉት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእነ ቫልተር ሎንጎ ቡድን በ2012 ባሳተመው ጥናት ለሁለት ቀን ያህል እንዲራቡ የተደረጉ አይጦች ላይ ኬሞው ይበልጥ ሠርቷል። አይጧ ግን ስትጀምር ጤነኛ ክብደት ነበራት። እኛ ክፍል የሚተኛ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከስቶ ነው፤ መክሳቱ እየቀጠለ የሄደ ሰው ኬሞውን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ዘጠኝ ኪሎ ለቀነሱ አባት ጾም መድኃኒት ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪያቸው። እኔ ያየኋቸው ካህናት ሁሉ ለታመመ ሰው «ብላ» ነው የሚሉት፤ ከእኔ ወይም ካንቺ ይልቅ ከእሳቸው ቢሰሙት ሕሊናቸው ያርፋል። ሥጋና ወተቱን ባይፈልጉት እንኳ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ለውዙ፣ አጥሚቱ ጥቂት በጥቂት ቀኑን ሙሉ ይቅረብላቸው።

ሌላው ልነግርሽ የምፈልገው፣ ኬሞ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ዙሩ ስለሚዘገይና መጠኑ ስለሚቀነስ ነው። ያን የሚያመጡት ነገሮች አብዛኞቹ ቤት ውስጥ ቀድመው ይታያሉ። ቴርሞሜትር ግዢ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ በተለይ ከመርፌው በኋላ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ባሉት ቀናት፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ነጭ የደም ሴላቸው በወረደበት ሰዓት ኢንፌክሽን ሌሊቱን አይታገሥም። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ትኩሳቱን መደበቅም አደጋ ነው። ድዳቸው ቢደማ፣ ቆዳቸው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ቢወጣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት የተባለው የደም ክፍል ወርዶ ይሆናል።

ፓክሊታክሴል ደግሞ የጣትና የእግር ነርቭ ያደነዝዛል። ሰዎች አይናገሩም፤ እርጅና ይመስላቸዋል። አንድ ታካሚ ነበሩኝ፣ «እንዴት ነዎት?» ስላቸው ሁልጊዜ «ደኅና» ይላሉ። አንድ ቀን የሸሚዛቸው ቁልፍ በሙሉ አንድ አንድ ቀዳዳ ተዛንፎ አየሁ። ጣታቸው ቁልፉን አያውቀውም ነበር። አባትሽ ጠዋት ሲለብሱ ዓይንሽን እጃቸው ላይ አድርጊ።


እማማ አደይ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ስለ ካህኑ ያልሽው እውነት ነው፣ የኔ ልጅ። ባለቤቴም ታሞ ሳለ ጾሙን አልፈታም ብሎ፣ በመጨረሻ የፈታው በንስሐ አባቱ ቃል ነው። እንክብሉንም ይተዉት፤ ዳቦው ላይ ይበቃል።


ከዱባይ
ዐርብ፣ ከምሽቱ 4፡30

ካርቶኑን የላኩት ወንድሟ ነኝ። እህቴ ይህን ገጽ ልካልኝ ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት።

እኔ ሹፌር ነኝ። አባባ ከታመሙ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ፈቃድ አላገኘሁም። መኪና ውስጥ ሆኜ ሰው ስጠብቅ በስልኬ የማነበው ስለዚህ በሽታ ብቻ ነው። ገንዘብ እልካለሁ፤ ገንዘቡ ግን እሳቸው አጠገብ አይቀመጥም። መድኃኒቱን ስገዛ መጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በእጄ ያደረግኩላቸው መሰለኝ። «ጀመሩ?» እያልኩ ስነዘንዛት የነበረው ለዚያ ነው።

ቀመር፣ ስለ ካናዳው ሙከራ የጻፉትን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ብትሰጣቸው ኖሮስ? እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የዘረመል ምርመራው ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቂና ንገሪኝ፤ በዚያው ገንዘብ እሱን እናድርግ።


ቀመር
ዐርብ፣ ከምሽቱ 5፡00

ወንድሜ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚጨነቅ ልጅ ያደረገውን ነው ያደረግኸው። መድኃኒቱ ሳይከፈት ነው የጠየቃችሁት። ቀጠሮው ቀን ካርቶኑን ከነወረቀቱ ይዛ ትሂድ፤ ሐኪሙ የሚዋጠውንም የማይዋጠውንም ማየት አለባቸው።


የመምህሩ ልጅ
ዐርብ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ከምሽቱ 2፡15

ቀጠሯችን ዛሬ ነበር። ካርቶኑን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ አንድ በአንድ እያነሡ አነበቡት፤ አልተቆጡም። «ይህን ይዛችሁ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ይደብቀኛል» አሉን። ሜትፎርሚኑም እንክብሉም አይወሰዱም። ስለ ኢጂኤፍአር ስጠይቃቸው ፋይሉን ገልጠው አዩ፤ አልተሠራም። ከመጀመሪያው ናሙና የተረፈው በሰም ተይዞ የተቀመጠ ስላለ ለምርመራ እንዲላክ ጻፉልን። ወንድሜ ገንዘቡን ዛሬውኑ አስገባ።

ሦስተኛው ዙር ግን ዛሬ አልተሰጠም። ፕሌትሌታቸው 82,000 ሆነ፤ ከ100,000 በላይ ካልሆነ አንሰጥም አሉ። በሚቀጥለው ዐርብ ደም ተመርምረው ይታያል። ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም አሉ። የንስሐ አባታቸው ማክሰኞ መጥተው ነበር፤ ዛሬ ማታ ገንፎ በቅቤ በልተዋል፤ ሳሕኑን ጨርሰው።

የሌሊት ተረኛ፣ ስለ ቁልፉ የጻፍሽውን ለሐኪሟ ነገርኩ። ሸሚዛቸውን ፈትተው እንዲቆልፉ አደረጓቸው። የግራ እጃቸው ትንሽ ዘገየ። ተመዝግቧል፤ ይታያል ብለዋል።

ፒፔት፣ አባባ ጥያቄ ልከውልዎታል። ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ሲስፕላቲን በጨው ውኃ መሟሟት አለበት ብለሃል። ጨዉ ምን ያደርግለታል? ከዲኤምኤስኦ መራቅ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?»


ፒፔት
ዐርብ፣ ከምሽቱ 3፡40

መምህር፣ ጥያቄዎ ልብ ላይ ነው ያረፈው። ሌላ ምክንያት አለው።

ሲስፕላቲን ላይ ፕላቲነሙን የያዙት ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎራይድ ናቸው። ክሎራይዶቹ እንዳሉ ከሆነ መድኃኒቱ ዲኤንኤውን አይዝም። ውኃ መጥቶ ክሎራይዱን ሲያስለቅቅና ቦታውን ሲወስድ ነው ፕላቲነሙ ለመያዝ የሚዘጋጀው። ብልቃጡ ውስጥ ጨው ካለ ክሎራይዱ ብዙ ስለሆነ የተላቀቀው ይመለሳል፤ መድኃኒቱ ሳይቀየር ይቆያል። ደም ውስጥም ክሎራይድ ብዙ ነው። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ግን ክሎራይዱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ያኔ ውኃው ያሸንፋል። እርስዎ የሚወስዱት ካርቦፕላቲን በክሎራይዶቹ ፈንታ ካርቦን ያለበት ቀለበት ነው የያዘው፤ እሱ በቀላሉ አይለቅም፤ ኩላሊት ላይ የሚቀለውም በዚሁ ዝግታው ነው።


የመምህሩ ልጅ
ዐርብ፣ ከምሽቱ 4፡05

አነበብኩላቸው። «ሌ ሻተሊዬ» አሉ ወዲያው፤ ሚዛኑ የተነካ የኬሚካል ለውጥ ያን ወደሚያካክስበት አቅጣጫ ይሄዳል የሚለው የኬሚስትሪ ሕግ ነው። ከዚያ ወረቀትና እስክርቢቶ አምጪ አሉኝ፤ አሁን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቀስቶቹን ወዲህና ወዲያ እየሳሉ፣ ዱባይ ለሚጠብቀው ወንድሜ በስልክ እያስረዱት ነው።